አረንጓዴው ፊርማ

ሳምራዊት የተቀጠረችው ሽማግሌ ለመጦር እንጂ የሸክላ ቂጥ ለማንበብ አልነበረም። ከደሴ በዲቪ ላስ ቬጋስ ከመጣች በኋላ ካዚኖ ውስጥ የሲጋራ መተርኮሻ ስትለቅም፣ ከዚያም የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ስታጥፍ ስድስት ዓመት ቆየች። ወገቧ እንቢ ሲላት ሰው የመንከባከብ ኮርስ ወሰደችና ሥራ ስታጠያይቅ፣ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ሴት የአቶ ኃይለማርያምን ልጅ ስልክ ሰጠቻት።

«ክፍያው ደህና ነው» አለቻት ሴትዮዋ፤ «ሰውየው ግን አፋቸው ምላጭ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሽ ግቢ።»

አቶ ኃይለማርያም ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ካርቱም ሦስት ዓመት ተንከራተው፣ በስደተኝነት ላስ ቬጋስ ገቡ። ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ካዚኖ ውስጥ ቆመው ካርታ አደሉ። ጡረታ ሲቃረብ ከከተማው ዳር ኢንስፒራዳ በሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ገዙ፤ ሚስታቸው ግን ቤቱን ሁለት ዓመት እንኳ ሳትጠግበው ሞተች። አንድ ልጃቸው ስምዖን ሲያትል ይኖራል። የሳምራዊትን ደሞዝ የሚከፍለው እሱ ነው።

ሳሎናቸው ቴሌቪዥን የለውም፤ ፎቶ እንኳ የለውም። ግድግዳው ዙሪያውን የመስታወት ቁምሳጥን ነው፤ ቁምሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የእንግሊዝ ሸክላ ብቻ ተደርድሯል። የአበባ ማስቀመጫ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ አብዛኛው መቶ ዓመት ያለፈው፣ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰል፣ መቶ አርባ ያህል ዕቃ። ሌላው ካርታ አዳይ ቲፑን ይዞ ከጠረጴዛው ማዶ ለመቆመር ሲሻገር፣ እሳቸው የሞተ ሰው ንብረት የሚሸጥበትን ቤት፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ የሚሸጥበትን ጋራዥ ሴል፣ የአሮጌ ዕቃ ሱቁን ሲያስሱ ነው የኖሩት።

እንዴት እንደ ጀመሩ በመጀመሪያው ሳምንት ነገሯት። ካርቱም ሳሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ቤት ተቀጥረው ነበር። አንድ ቀን አቧራ ሲጠርጉ አንድ ሰማያዊ ማሰሮ ከእጃቸው አምልጦ ተሰበረ። እመቤቲቱ አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ ከስብርባሪው መሃል የማሰሮውን ቂጥ አነሳችና መዳፋቸው ላይ አስቀምጣ «አንብበው» አለቻቸው። የተጫረውን ፊደል ቢያዩትም አልገባቸውም። ሳቀች። «የሰበርከውን እንኳ አታውቀውም» ብላ በለበሱት ልብስ አባረረቻቸው።

«ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ዕቃ ነክቼ አላውቅም» አሉ አቶ ኃይለማርያም። «አንቺም አትነኪም።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሰው ይሞላ ነበር። አንዱ ከጋራዥ ሴል ያገኘውን ሳህን፣ ሌላዋ ሆቴል እንግዳ ትቶት የሄደውን ማሰሮ በጋዜጣ ጠቅልለው ይመጣሉ። እሳቸው ዕቃውን ተቀብለው፣ ለእንግዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ መስኮቱ ሥር ወዳለው ወንበራቸው ይሄዳሉ፤ ገልብጠው ቂጡን በማጉያ መነጽር ይመረምራሉ። በሌሉበት ሰው «ቂጥ ገልባጩ» ይላቸዋል። ፍርዳቸው ስኳር የለውም። አንዲትን ሙሽራ፣ ከአማቷ የተሰጣትን ማንቆርቆሪያ አይተው «ሽንት ቤትሽ ውስጥ የብሩሽ ማስቀመጫ ይወጣዋል፤ አማትሽ የሰጠችሽ ለዚያ ይሆናል» ብለዋታል። ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች፤ ቤቱ ግን በሳቅ ፈረሰ። ሰው የሚመጣው የራሱን ዕቃ ለማስመርመር ብቻ አልነበረም፤ የሌላው ሲዋረድ ለማየትም ነበር።

ሳምራዊት በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር አስተዋለች። አቶ ኃይለማርያም ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ደቅነው፣ የሚያነቡት ግን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ነው። ማጉያው ያነጣጠረው ዕቃው ላይ ሳይሆን ጉልበታቸው ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ አያዩም እንዴ?» አለቻቸው።

ማጉያውን ጭናቸው ላይ አወረዱ። «ዳር ዳሩን አያለሁ» አሉ። «መሃሉ ጠፍቷል። የሰው ፊት ሳይ ጆሮውን ነው የማየው። ሐኪሙ ከእንግዲህ አይመለስም ብሏል።» ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ቀጠሉ፤ «ይህን የምታውቁት አንቺና ሐኪሙ ናችሁ። ወሬው ከወጣ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። በማግስቱ ስምዖን ሌላ ሰው ይቀጥራል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይናቸው እንድትሆን ያስተምሯት ጀመር። ትምህርቱ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በኋላ ነው። አንድ ዕቃ ከቁምሳጥን ታወጣለች፣ ትገለብጣለች፣ ያየችውን ትናገራለች። ሦስት ዓይነት ምልክት እንዳለ አስተማሯት። ጭቃው ሳይደርቅ በሹል ነገር የተጫረ አለ፤ በማህተም ተጭኖ የሰረጎደ አለ፤ ከሚያብረቀርቀው ልባስ ሥር በቀለም የተጻፈ ወይም የታተመ አለ። ሁለቱን ጣት ያገኛቸዋል። ሦስተኛውን ዓይን ብቻ ነው የሚያገኘው።

«እንግሊዝ የሚል ቃል ካለው እንደ ፈረንጆች ከ1891 ወዲህ የተሠራ ነው» ይሏታል፤ «አሜሪካ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አገሩ ይጻፍበት የሚል ሕግ የወጣ ጊዜ። ምንም አገር ካልተጻፈበት ወይ አሮጌ ነው ወይ ውሸታም ነው። ለይ።»

ከተሳሳተች ያን ቀን ሙሉ በስሟ አይጠሯትም። «ዕውሩ ማነው?» ይላሉ፤ ከዚያ እስክትወጣ «አንቺ» ብቻ ነው። እሷ ግን፣ ለራሷም ገርሟት፣ ሥራውን ወደደችው። ሎንደን ላምቤዝ በነበረው የዱልተን ፋብሪካ ሴት ሠዓሊዎች የስማቸውን መነሻ ፊደል ቂጡ ላይ ይጭሩ ነበር፤ ዋናዋ ብቻ ሳትሆን ቅጠሉን የሞላችው ረዳትም። ሳምራዊት ዕቃ በገለበጠች ቁጥር በመጀመሪያ የምትፈልገው የረዳቶቹን ፊደል ነበር። ሳትገፋፋ፣ ከሥራ መልስ ቤቷ ተቀምጣ በስልኳ ስለ ምልክቶች ታነብ ጀመር። ዓመት ሳይሞላ ከመቶ አርባው ዕቃ አንዱንም የማትስት ሆነች።

ለእሁዱም ዘዴ አበጁ። እንግዳ ዕቃ ሲያመጣ ሳምራዊት «አቧራውን ልጥረገው» ብላ ትቀበልና ትገለብጠዋለች። ለጋሼ ስታቀብል አንዲት ቃል ጆሯቸው ሥር ጣል ታደርጋለች፤ «የተጫረ»፣ «ሰማያዊ ማህተም»፣ «ባዶ»። የቀረውን እሳቸው ይሞሉታል። አንድ ዓመት ተኩል ማንም አልነቃባቸውም።

አንድ እሁድ ግን አንድ ሰው ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣና፣ አቶ ኃይለማርያም ቃሏን በደንብ ሳይሰሙ ሌላ ስም ተናገሩ። ሳምራዊት ራሷን ረስታ «ጋሼ፣ የዱልተን አንበሳና ዘውድ ነው እኮ ያለው» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ። «ይቺ ሴት» አሉ ለእንግዶቹ፣ «ስትመጣ የራሷን ቂጥና የሸክላ ቂጥ አትለይም ነበር። አሁን መምህሬ ሆናለች።» ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳምራዊትም ፈገግ ለማለት ሞከረች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጠሯት። «ከእንግዲህ ሰው ሲኖር ዕቃ አትነኪም። ሻይ አቅርቢና ኩሽና ግቢ።»

«ማን ያነብልዎታል ታዲያ?»

«ጣቴ» አሉ።

በሚቀጥለው እሁድ ውዴ መጣች።

ውዴ የሳምራዊት ጎረቤት ነች፤ ፓራዳይዝ በሚባል ሰፈር በአንድ ሕንጻ ሁለት በር አልፎ። ሳምራዊት አሜሪካ የገባች ጊዜ አምስት ወር ሶፋዋን ለቃላት ያስጠጋቻት እሷ ናት። ሳምራዊት ጽንስ አስወርዷት ሆስፒታል የተኛች ጊዜም፣ ያኔ የነበራት ባል «ሺፍት አለኝ» ብሎ ሲሄድ፣ ወንበር ላይ ያደረችው ውዴ ነበረች። ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ በዕረፍት ቀኗ ደግሞ ሚስስ ኮል የሚባሉ አሮጊት ቤት ዘጠኝ ዓመት አጽድታለች። አሮጊቷ ሊሞቱ ሲሉ አንድ የአበባ ማስቀመጫ ከመደርደሪያ አስወርደው ሰጧት። «የእናቴ ነበር። አንድ ቀን ይጠቅምሻል፤ ለሚያውቅ ሰው አሳዪው» አሏት። ውዴ ትከሻዋ ተበላሽቶ ፍራሽ ማንሳት እያቃታት ነበርና፣ ይህ ቃል ልቧ ውስጥ ገባ።

የዚያን እሁድ በሳምራዊት መኪና አብረው ሲሄዱ ውዴ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልላ፣ በፕላስተር አስራ፣ ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች።

«እስቲ ቀይ መብራት ሲይዘን ልየው» አለቻት ሳምራዊት።

«ተይው፤ አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ለሚያውቅ ነው የተባልኩት» አለች ውዴ።

ሳምራዊት እውቀቷን ለማንም ተናግራ ስለማታውቅ መንዳቷን ቀጠለች።

ሳሎኑ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ሰው ነበር። ውዴ ተራዋ ሲደርስ ፎጣውን ፈታች፤ ቤታቸውን ያጸዳችላቸው አሮጊት ሊሞቱ ሲሉ እንደ ሰጧት ተናገረችና «ጋሼ፣ ዛሬ አፍዎን የሚዘጋ ነገር ነው ያመጣሁት» አለች። ቀልዷ ነበር። ሰው ሳቀ፤ አቶ ኃይለማርያም ግን አልሳቁም።

ዕቃውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሳምራዊት ከመስኮቱ አጠገብ ባለው የኩሽና በር ላይ የሻይ ትሪ ይዛ ቆማለች። ጣታቸው በዕቃው ገላ ላይ ሲሄድ አየች። ሰማያዊ አበቦች ናቸው፤ የየአበባው ዳርቻ እንደ ኬክ ክሬም በቀጭን ቱቦ በተንጠባጠበ ጭቃ የተሰመረ፣ ከቆዳው ከፍ ያለ። ጣታቸው ቆመ። ትንፋሻቸው ሲለወጥ ሰማች። ገለበጡት።

ቂጡ በቀጥታ ወደ እሷ ዞረ። መሃሉ ላይ ቡናማ ክብ ማህተም፣ ከሥሩ በአረንጓዴ ቀለም፣ በሩጫ የተጻፈ ፊርማ። ሳምራዊት በስልኳ ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ በእጅ ግን ይዛው አታውቅም። ታዋቂው እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ ዊልያም ሙርክሮፍት ገና ወጣት ሳለ፣ የራሱን ፋብሪካ ሳይከፍት፣ በሌላ ሰው ፋብሪካ ተቀጥሮ የሠራው ፍሎሪያን የሚባለው ዓይነት ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ። በጋሼ ቁምሳጥን ውስጥ እንኳ አንድ የለም።

ማህተሙም ፊርማውም ከልባሱ ሥር ነው። የሽማግሌው አውራ ጣት በላዩ አለፈ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አለፈ። ለጣት ምንም አልነበረም።

«አረንጓዴ ጽሑፍ አለው እኮ ጋሼ» አለች ውዴ ከኋላቸው። «እኔ ማንበብ አልቻልኩም እንጂ።»

አቶ ኃይለማርያም አንገታቸውን በትንሹ ወደ ኩሽናው በር አዘነበሉ። ሳምራዊት ገባት። አንዲት ቃል እየጠበቁ ነው። ሳምንት ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ የከረመው ሳቅ ትዝ አላት። ዓይኗን ወደ ትሪው መለሰች፤ የሻይ ብርጭቆዎቹን ቆጠረች።

«ጽሑፍማ ማንም በብሩሽ ይሞነጫጭራል» አሉ በመጨረሻ። «እውነተኛው ጭቃው ላይ ይጫናል። ይሄ ልሙጥ ነው። አበባውን ኮርጀዋል፣ ቂጡን አልቻሉም።» ወደ ውዴ ድምፅ ዞሩ። «ስንት ዓመት ነው ያገለገልሻት?»

«ዘጠኝ» አለች ውዴ።

«ዘጠኝ ዓመት ቆሻሻዋን ጠርገሽ፣ በመጨረሻ ቆሻሻዋን አሸከመችሽ። ቂጡን ብሺውና በሶብላ ትከይበት።»

ሰው ሳቀ። ውዴ ዕቃውን መልሳ በፎጣ ስትጠቀልል፣ ከእንግዶቹ አንዱ ሊረዳት ተነሳ።

ሲመለሱ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው ትልቅ ጎዳና ላይ ደረሱ። መብራቱ ላይ ሲቆሙ ሳምራዊት ትንፋሿን ሰብስባ «ውዴ፣ እኔ የምነግርሽ…» ከማለቷ ውዴ ፈነዳች።

«አንቺ ዝም በይ። ሽንቱን የምትጠርጊለት ጌታሽ ዘንድ ልታስቂብኝ ነው የወሰድሽኝ። ቆመሽ ትሪሽን ታያለሽ! እግዜር አውቆ ነው የነሳሽ፤ ማህፀንሽም ልብሽም ደረቅ ነው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ ጥሩንባ ተነፋ። ሳምራዊት ነዳች። ሦስት ቃል ይበቃ ነበር፤ ዕቃው እውነተኛ ነው። ሦስቱን ቃላት ዋጠቻቸው። ግቢው ውስጥ ፓርክ አድርጋ ወረደችና ሳትሰናበታት ቤቷ ገባች።

ሰኞ «ይቅርታ ካልጠየቀችኝ አልነግራትም» አለች ለራሷ። ማክሰኞ «ዕቃው የትም አይሄድም» አለች። ረቡዕ ኮሪደር ላይ ተገናኝተው ሁለቱም ወደ ስልካቸው አቀረቀሩ። ውዴ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ፣ ሳምራዊት ደስ የሚል ነገር ደረቷ ውስጥ ተሰማት። ሌላው የማያውቀውን ማወቅ እንዲህ ይጣፍጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በሯ ተንኳኳ። ውዴ ነበረች።

«አፌ ነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እንደዚያ ያለ ነገር ለጠላትም አይባል። ይቅር በይኝ። ነይ ደግሞ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

እጇን ይዛ ወደ በረንዳዋ ወሰደቻት። የብረት መከለያው ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ ሰማያዊው ዕቃ አፈር ሞልቶት ቆሟል። ሁለት ዘለላ በሶብላ ተተክሎበታል።

«ውኃው እንዲወርድ ቂጡን አስበሳሁት። የሕንጻው ጥገና ሠራተኛ ነው በድሪል የበሳልኝ። ጠንካራ ነበር በናትሽ፣ ሁለት የድሪል ጫፍ ነው የሰበረበት። በቃ፣ ዘጠኝ ዓመቴን እንዲህ አድርጌ ቀበርኩት፤ ልቤ ቀለለኝ።»

ሳምራዊት ተንበርክካ ዕቃውን በትንሹ ዘንበል አደረገችው። አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ መሃል ለመሃል ገብቷል። ከቡናማው ማህተም ግማሹ፣ ከአረንጓዴው ፊርማ የፊትና የኋላ ፊደላት ብቻ ቀርተዋል። ከቀዳዳው ዙሪያ ልባሱ ተሰነጣጥቋል።

«ያምራል» አለች ሳምራዊት።

አርብ ጠዋት አቶ ኃይለማርያም ቁርስ በልተው «ምን አወጣሽልኝ ዛሬ?» ሲሏት ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እንዲህ ተቀምጣ አታውቅም።

«የእሁዱ ዕቃ ፍሎሪያን ነበር ጋሼ። አረንጓዴው የሙርክሮፍት ፊርማ ነው።»

«ውሸት።»

«ያሏትን አደረገች። አስበስታዋለች፤ በፊርማው ላይ።»

ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም። እጃቸው ብቻ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ነገር ይዳብስ ነበር። «አንቺ አይተሽው ነበር?» አሉ።

«አዎ።»

«ስጠብቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ሻይ ብቻ አቅርቢ ብለውኝ ነበር።»

ፈገግታ የመሰለ ነገር ፊታቸው ላይ አለፈ። «ጎበዝ» አሉ። «እኔ ካስተማርኩሽ ሁሉ ይሄን ነው በደንብ የያዝሽው።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ስልክሽን ስጪኝ። ደውይላት።»

«ጋሼ፣ እኔ እነግራታለሁ። ቀስ ብዬ ልንገራት።»

«አምስት ቀን ነበረሽ። ደውይ።»

ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው ሰላምታ አልሰጡም። «ወይዘሮ ውዴ፣ ኃይለማርያም ነኝ። ያመጣሽው ዕቃ እውነተኛ ነበር። ቢሸጥ የዓመት ቤት ኪራይሽን የሚችል ዕቃ ነው፤ አሁን ግን ተበስቷል። እኔ ዕውር ነኝ፤ ዓመት አልፎኛል። በጣቴ ነው የፈረድኩት። አጠገቤ የቆመችው ጓደኛሽ ግን ዓይን አላት። አንብባዋለች፣ አውቃዋለች፣ እሁድ እዚያው ቆማ ዝም አለች። ይህን እንድታውቂ ነው።»

ከስልኩ ውስጥ የቫኪዩም መጥረጊያ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ውዴ ሺፍት ላይ ናት። ቫኪዩሙ ቆመ።

«ሳሚ እዚያ አለች?»

«አለሁ» አለች ሳምራዊት።

«አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ትናንት በረንዳዬ ላይ ተንበርክከሽ… ያምራል ያልሽኝ…»

ስልኩ ተዘጋ። አቶ ኃይለማርያም ሻያቸውን አንስተው ጠጡ። ጥፋታቸውን ተናግረው ቀለላቸው፤ ሸክሙን ማን ላይ እንዳወረዱት ሳምራዊት ያኔ ነው የገባት።

እሁድ ሰው እንደ ልማዱ ተሰብስቦ ሳለ ውዴ በሩን ከፍታ ገባች። ዕቃውን ከነአፈሩ ይዛለች። ማንንም ሳትሳለም ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ በሶብላውን ከነሥሩ ነቅላ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ጣለችው፣ አፈሩን ዘረገፈች፣ ዕቃውን ገልብጣ ለሳምራዊት ዘረጋችላት።

«አንብቢ።»

«ውዴ…»

«ጮክ ብለሽ አንብቢ። ጋሼም ይስሙ፤ እሳቸው አያዩም።»

በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሳምራዊት ዕቃውን ተቀበለች። «ቡናማ ማህተም ነው» አለች። «ፍሎሪያን የሚል ጅማሬ አለው፣ መሃሉ የለም። ከሥሩ በአረንጓዴ ደብልዩ… ቀጥሎ ቀዳዳ ነው። ከቀዳዳው ወዲያ ኤፍና ቲ ይታያል።»

«ማለት?»

«ሙርክሮፍት ማለት ነው።»

«ሴትዮዋ አልዋሸችኝም ማለት ነው» አለች ውዴ። ድምጿ የሰለለው ያኔ ነው። «ባለፈው ሳምንት ልጆቿ ፊት ሰድቤያት፣ መቃብሯ ላይ እንኳ አልሄድም ብዬ…» አልጨረሰችውም። ዕቃውን ከሳምራዊት እጅ ወስዳ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳምራዊት ዛሬም ማስታወስ አትወድም። መጀመሪያ ባለማንቆርቆሪያው ሰውዬ ተነሳና «የኔንስ በምን ነው ያዩት?» አለ። ሌላዋ በእሳቸው ፍርድ ስለ ጣለችው ሳህን ጮኸች። አንዱ በርካሽ ስለ ሸጠው። ባለፈው እሁድ ውዴ ላይ የሳቁት አፎች ናቸው አሁን የሚጮኹት። አንድ ጎረምሳ ከኩሽና የላስቲክ ብርጭቆ አምጥቶ ሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖረላቸውና «ጋሼ፣ ይሄስ የስንት ዓመት ነው?» አላቸው። ሳቅ ሆነ። አቶ ኃይለማርያም ብርጭቆውን ዳበሱት። አልጣሉትም፤ እንደ ታዘዘ ተማሪ ይዘውት ቀሩ። ሳምራዊት ሄዳ ከእጃቸው ወሰደችውና ሰዎቹን «ውጡልን» አለቻቸው።

ከዚያ እሁድ በኋላ ያን በር ያንኳኳ ሐበሻ የለም። ስምዖን ወሬውን ሰምቶ ከሲያትል መጣ። አባቱ ዓይናቸው እንደ ጠፋ ከሌላ ሰው በመስማቱ ተናዶ፣ ለሳምራዊት ሥራውን እንድትለቅ የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጣት። በዚያ ሁለት ሳምንት መቶ አርባውን ዕቃ አንድ በአንድ ገልብጣ፣ ምልክቱን፣ ዘመኑን፣ ሠሪውን፣ የረዳቶቹን ፊደል ሳይቀር በዝርዝር ጻፈች። ስምዖን ዕቃዎቹን ሊሸጥ ዝርዝሩን ለአንድ ጨረታ ቤት ሲልክ አናቱ ላይ የአባቱን ስም ጻፈ። የእሷን ለመጻፍ ያሰበም አልመሰለም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ኤርፖርት ድረስ ያደረሰቻቸው እሷ ነች። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ሲያትል ወደሚገኝ የአረጋውያን ቤት ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን ያዘች።

«ጥሩ ዓይን አለሽ» አሏት። «ሌላ ነገር ግን የለሽም። እኔም አልነበረኝም።»

ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ ይዟቸው ሄደ።

አሁን ሳምራዊት ሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ ባለ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ በሳምንት አራት ቀን ትሠራለች። የሞተ ሰው ዕቃ በካርቶን ሲመጣ ገልብጣ የምትለየው እሷ ናት። ባለቤቱ ያምናታል። ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ ያየችውን ሁሉ ትናገራለች፤ ያላየችውን «አላውቅም» ትላለች። አንድም ጊዜ ነገ እነግርዎታለሁ ብላ አታሳድርም።

ውዴ ዕቃውን ለሁለት ነጋዴዎች አሳይታ ነበር። ሁለቱም ቀዳዳውን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንደኛው የመብራት እግር ይሆናል አላት። አልሸጠችውም። አጥባ መኝታ ቤቷ ውስጥ አስቀምጣዋለች ይላሉ፤ ሳምራዊት አላየችውም። ኮሪደሩ ላይ የሳምራዊትን ድምፅ ስትሰማ ውዴ በኋለኛው ደረጃ ነው የምትወርደው። በቤተ ክርስቲያንም ቦታ ቀይራለች።

ባለፈው ጥቅምት ውዴ ትከሻዋን ኦፕሬሽን ተደርጋ ቤት ዋለች። ሳምራዊት የአጥንት ሾርባ ሠርታ፣ በክዳን ሳህን አድርጋ፣ ከላይ ዳቦ ደርባ ሄደች። በሩን የከፈተችው ልታስታምማት የመጣች ዘመድ ነበረች። ከውስጥ የውዴ ድምፅ «ማነው?» አለ። ዘመዲቱ የሳምራዊትን ስም ተናገረች። «ተቀበያት» አለ ድምፁ።

በሦስተኛው ቀን ሳህኑ ተመለሰ። የመለሰችው ያቺው ዘመድ ናት፤ ዓይኗን ሰብራ አቀበለቻትና ፈጥና ሄደች። ሳህኑ በደንብ ታጥቦ፣ በንጹህ ፎጣ ደርቆ ነበር። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ቢያጡ ቢያጡ አንድ ፍሬ ሎሚ፣ ጥቂት ስኳር ጣል ይደረግበታል። ይህን ሁለቱም ከእናቶቻቸው ቤት ያመጡት ነው። ሳምራዊት ክዳኑን አነሳች። ምንም አልነበረበትም።

ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ሳህኑን ቁምሳጥኗ ውስጥ አስገባች። ሱቁ የሚከፈትበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ቁልፏን ይዛ ወጣች።